የአደን ወቅት ማጽደቂያን ማሳጠር፦ ከአሜሪካ የዳክዬ ደንብ የሚወሰድ አሠራር

የአደን ወቅት በየዓመቱ በመንግሥት ደንብ በሚከፈትበት አገር የሚሰማው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፦ ቆጠራው ይዘገያል፣ ረቂቁ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል፣ ደንቡ የሚወጣው ወቅቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበውም የተለመደ ነው፤ ፊርማ ይቀነስ ይባላል። ፊርማ መቀነስ የሚያተርፈው ግን ቀናት ብቻ ነው። ወራቱን የሚበላው ቁጥሩ ከመጣ በኋላ «እንግዲህ ምን ይሻላል?» ተብሎ የሚጀመረው ክርክር ነው። ክርክሩን ቁጥሩ ሳይመጣ የጨረሰ መሥሪያ ቤት የሚቀረው መጻፍና ማሳተም ብቻ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የአሜሪካ የፍልሰተኛ አእዋፍ አደን ደንብ ነው። በየዓመቱ ይወጣል፣ ከሌሎች አገሮች ጋር በተፈረመ ስምምነት የታጠረ ነው፣ የፌደራሉንም የስቴቶችንም መሥሪያ ቤቶች ያሳትፋል። እንዲያም ሆኖ ከ2016–17 ወቅት ጀምሮ ሁለት የነበረው የማጽደቂያ ዙር ወደ አንድ ወርዷል። ይህ ጽሑፍ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ይፈታል፤ ደንብ ለሚያረቅ፣ ኮታ ለሚያዘጋጅ ወይም በረቂቅ ላይ አስተያየት ለሚጽፍ ሰው የታሰበ ነው። የአሜሪካን ሥርዓት የሚመለከቱ ቀኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ተቀምጠዋል።

የማይነቃነቀውን አስቀድመው ይለዩ

ረቂቅ ከመጀመርዎ በፊት ሕጉ ራሱ የዘጋውን በአንድ ገጽ ይጻፉ። የ1918ቱ የአሜሪካ የፍልሰተኛ አእዋፍ ሕግ መነሻው «ዝግ ነው» የሚል ነው። የኢንቴሪየር (የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት) ሚኒስትሩ ደንብ አውጥቶ ካልከፈተ በስተቀር ዳክዬም፣ ዝይም፣ ዋኖስም ማደን አይፈቀድም። የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። በሌላ ዘርፍ ደንብ ሲዘገይ አሮጌው ደንብ ሥራውን ይቀጥላል፤ እዚህ ግን ደንቡ ከዘገየ ወቅት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የሚያሳጥረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ብንዘገይ ምን ይሆናል?» ብሎ ነው። መልሱ «ይዘጋል» ከሆነ የጊዜ ሰሌዳው መጠባበቂያ ቀናት ሊኖሩት ግድ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አዳዲስ ደንቦችን በጅምላ የማገድ ልማድ ባለበት አገር ደግሞ ወቅት ከፋች ደንቦች ከእገዳው ውጭ መሆናቸው በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። አለበለዚያ ሥራን ለማቅለል የወጣ እገዳ ወቅቱን ራሱን ይዘጋል።

ሁለተኛው ግድግዳ በ1916 ከካናዳ ጋር (ያኔ በብሪታንያ በኩል) የተፈረመው ስምምነት ነው። በእርሱ መሠረት የአደን ወፎች ከማርች 10 (መጋቢት 1) እስከ ሴፕቴምበር 1 (ነሐሴ 26) ድረስ አይታደኑም፤ ወቅቱም ከሦስት ወር ተኩል አይበልጥም። ይህ ሦስት ወር ተኩል በደንቡ ውስጥ 107 ቀን ሆኖ ይሠራበታል። የአላስካ ነባር ነዋሪዎች ለምግባቸው በፀደይና በበጋ (በአሜሪካ በጋ ከጁን እስከ ኦገስት ነው) የሚያድኑት ኋላ በተጨመረ ፕሮቶኮል በመሆኑ የራሱ መንገድ አለው። ከዚህ ውጭ ያለውን ሚኒስትሩም አያነቃንቀውም። እንዲህ ያለውን ነገር በየዓመቱ ለስብሰባ ማቅረብ ጊዜ ማባከን ነው፤ ከአጀንዳ ይውጣ።

የቀረውን በሁለት ይክፈሉት። አንደኛው ለዓመታት ጸንቶ ሊቆይ የሚችል ነው። ለምሳሌ አንድ ስቴት በስንት ዞን ተከፍሎ፣ ወቅቱን በስንት ቦታ ቆርጦ ያድናል የሚለው በአሜሪካ የሚከለሰው በአምስት ዓመት አንዴ ነው። ሁለተኛው በእርግጥ በየዓመቱ መወሰን ያለበት ነው። ዝርዝሩን በሐቀኝነት የሠራ ሰው ሁለተኛው ክምር ካሰበው በላይ ትንሽ ሆኖ ያገኘዋል። ከየትኛውም የማይገባም አለ፦ አጋዘንና የዱር ተርኪን የመሰለ ስቴቱ በራሱ የሚያስተዳድረው አደን የፌደራል ወቅት ማዕቀፍ (የቀንና የብዛት ጣሪያ) አያስፈልገውም። በዱር እንስሳት መጠለያዎች ውስጥ ለማደን ግን ሌላ፣ የተለየ የፌደራል ደንብ አለ። ሁለቱን ደንቦች አደባልቆ አንድ ሰነድ ለማድረግ መሞከር ያጓጓል፤ አንዱ ሲያዝ ሌላውንም ይዞ ስለሚቀር ባይነካ ይሻላል።

ከመክፈቻው ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ

የቀድሞው አሠራር ሁለት መስመር ነበረው። ዋኖስን፣ የሴፕቴምበር ቲልን (ትንሽ የዳክዬ ዝርያ) የመሰሉ ቀድመው የሚከፈቱ ወቅቶች በአንድ ዙር፣ አብዛኛው ዳክዬና ዝይ ደግሞ በሌላ ዙር ይጸድቁ ነበር። የዳክዬ ቆጠራ የሚካሄደው ሜይ ላይ በአውሮፕላን ሲሆን ከ1955 ጀምሮ ተከታታይ መረጃ አለው። ውጤቱ በጋ ላይ ይደርሳል፣ ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ ረቂቅ ይወጣል፣ ወቅቱ ደግሞ በመጸው ይከፈታል። በመካከል ለሕዝብ አስተያየት የሚተርፈው ጊዜ እጅግ ጠባብ ነበር። በዚያ ላይ ሁሉም ነገር እጥፍ ነው፦ ሁለት ረቂቅ፣ ሁለት የማዕቀፍ ደንብ፣ ሁለት የስቴቶች ምርጫ።

ከ2016–17 ወዲህ ያለው መላ ቀላል ነው፤ የዘንድሮ ወቅት በአምናው ቆጠራ ይወሰናል። ሴፕቴምበር ላይ ለሚከፈት ወቅት ቆጠራው የተካሄደው ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወር በፊት፣ ባለፈው ዓመት ሜይ ነው። ሪፖርቱ በዚያው በጋ ማብቂያ ላይ ይወጣል። የፍልሰት መስመር ምክር ቤቶች (ወፎች በሚፈልሱበት መስመር የተደራጁ የስቴቶች ምክር ቤቶች) ተወያይተው ምክረ ሐሳባቸውን ያቀርባሉ። ኦክቶበር አካባቢ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት የደንብ ኮሚቴ ይሰበሰባል። የታቀደው ማዕቀፍ በቀዝቃዛዎቹ ወራት በፌደራል ሬጅስተር (በፌደራል መንግሥቱ የደንብ ጋዜጣ) ታትሞ አስተያየት ይሰበሰብበታል፣ ይጸድቃል፤ ስቴቶች በጸደይ ቀናቸውን መርጠው ይልካሉ። የመጨረሻው ደንብ ከሴፕቴምበር 1 በፊት ይታተማል።

የራስዎን ሰሌዳ ሲሠሩ ከታች ወደ ላይ ይሂዱ። የመክፈቻውን ቀን ይጻፉ፤ ከእርሱ ላይ ደንቡ ታትሞ እስኪጸና ሕጉ የሚጠይቀውን ጊዜ ይቀንሱ (በአሜሪካ በመደበኛው 30 ቀን ነው)፤ ከዚያ የስቴቶችን ወይም የክልሎችን የምርጫ ጊዜ፣ ከዚያ የአስተያየት ቀናትን፣ ከዚያ የበላይ ምርመራን። የበላይ ምርመራ ሲባል በአሜሪካ በፕሬዝዳንቱ ጽሕፈት ቤት ሥር ያለው የደንብ ገምጋሚ ቢሮ ማለት ነው። ይህ ቢሮ ረቂቁን አንዴ ሲቀርብና አንዴ ከመጽደቁ በፊት ሊያየው ስለሚችል ቀኑን ሁለት ጊዜ ይያዙለት። መጠባበቂያውን የት ያስቀምጡ? ብዙ አርቃቂ ከቆጠራው በኋላ ያስቀምጠዋል፣ ባለሙያዎቹም ሪፖርቱን ሲያሳምሩ ይበሉታል። ልክ ከኅትመቱ በፊት ያስቀምጡት። የሚዘገየው ሁልጊዜም እዚያ ነው።

ጣሪያ የሚያበጅና ቀን የሚመርጥ አንድ አይሁኑ

የአሜሪካው ሥርዓት ትልቁ ጉልበት ይህ ክፍፍል ነው። ፌደራሉ ማዕቀፍ ብቻ ያወጣል፦ ከዚህ ቀን በፊት አይከፈት፣ ከዚህ ቀን በኋላ አይዝለቅ፣ ቀኑ ከዚህ አይብለጥ፣ በቀን ከዚህ በላይ አይመታ። ስቴቱ በውስጡ የፈለገውን ይመርጣል። ማጥበቅ ይችላል፣ ማላላት ፈጽሞ አይችልም። በዚህ የተነሳ ዋሽንግተን ላይ የተቀመጠ ባለሥልጣን «ሚኒሶታ ቅዳሜ ትክፈት ወይስ ከሳምንት በኋላ?» በሚል ጉዳይ አይጨቃጨቅም። ጉዳዩ ወደሚመለከተው የስቴት መሥሪያ ቤት ይወርዳል።

በመካከላቸው የፍልሰት መስመር ምክር ቤቶች አሉ። አገሪቱ በአራት መስመር ተከፍላለች፦ አትላንቲክ፣ ሚሲሲፒ፣ ሴንትራልና ፓሲፊክ። ለአበሻ አንባቢ በሚያውቀው ካርታ ለማስቀመጥ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለ አዳኝ አትላንቲክ ውስጥ ነው፤ ሚኒሶታ ያለው ሚሲሲፒ፣ ቴክሳስ ያለው ሴንትራል፣ ሲያትል ያለው ፓሲፊክ ውስጥ። ኮሎራዶ ለሁለት ትከፈላለች፤ ዴንቨርን ጨምሮ ምሥራቁ ሴንትራል ሲሆን ከተራራው ሰንሰለት ወዲያ ያለው ምዕራብ ፓሲፊክ ነው። ስለዚህ አንድ ስቴት ውስጥ ሆኖ የቀን ጣሪያው ሊለያይ ይችላል። የአንዱን ወገን ቀን ለሌላው አንብቦ የሚወጣ ሰው ይቀጣል።

ምክር ቤት ከመሰብሰቡ በፊት የቴክኒክ ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ ባዮሎጂው የሚያልቀው እዚያ ነው። ለዚህ መድረክ የሚቀርብ ምክረ ሐሳብ አንድ ገጽ ተኩል ይበቃዋል፣ አምስት ነገር ግን መያዝ አለበት፦ የሚለወጠው ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር፤ የትኛውን የወፍ ክምችት እንደሚነካ፤ የሚደገፍበት የቆጠራ ተከታታይ፤ የሚታደነው ብዛት በግምት ምን ያህል እንደሚቀየር፤ ለውጡ መቼ እንደሚገመገም። በተለይ አራተኛው እንዳይጎድል። ሌላው የተለመደ እንቅፋት ሁለት መስመሮች የሚጋሩትን ወፍ በተመለከተ አንዱ ምክር ቤት ብቻውን ሲያቀርብ ነው። የጎረቤቱን ስምምነት ካልያዘ ሊዘገይ ይችላል።

ውሳኔውን አስቀድሞ የወሰነ ዝርዝር

የዚህ ሁሉ እምብርት ከ1995 ጀምሮ የሚሠራበት የዳክዬ አደን አስተዳደር ነው። በየዓመቱ ከባዶ ከመደራደር ይልቅ አራት አማራጮች ተቀመጡ፦ ዝግ፣ ጠባብ፣ መካከለኛ፣ ሰፊ። እያንዳንዱ ምን እንደሚሰጥ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። በአትላንቲክና በሚሲሲፒ ጠባቡ 30 ቀንና በቀን 3 ዳክዬ፣ መካከለኛው 45 ቀንና 6፣ ሰፊው 60 ቀንና 6 ነው። በሴንትራል 39 ቀንና 3፣ 60 ቀንና 6፣ 74 ቀንና 6። በፓሲፊክ 60 ቀንና 4፣ 86 ቀንና 7፣ 107 ቀንና 7። በመካከለኛው የአህጉሩ ክፍል የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስኑት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ በእርባታ ወቅት የተቆጠረው የማላርድ (አንድ የዱር ዳክዬ ዝርያ) ብዛትና በካናዳ የሣር ሜዳዎች ላይ የታየው የኩሬ ብዛት። ኩሬ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዳክዬ የምትፈለፍለው ውሃ ዳር ስለሆነ ድርቅ ያለበት ፀደይ የሚቀጥለውን መጸው ጫጩት ይቀንሳል። ሁለቱን ቁጥሮች አገናኝቶ ውሳኔውን የሚያሳየው ሰንጠረዥ ቀድሞ ተሠርቶ ይታተማል። ቁጥሩ ሲመጣ ረድፉንና ዓምዱን ማንበብ ነው።

ስለ አማራጮቹ ብዛት የሚሰነዘር ሐሳብ አይጠፋም። አራት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በሁለት ጎረቤት አማራጮች መካከል ያለው ልዩነት ከቆጠራው ስህተት ያንሳል፣ ሰዎችም ቁጥሩን መጨቃጨቂያ ያደርጉታል። በሁለት አማራጮች መካከል ያለው ርቀት በመስክ የሚታይ ለውጥ ማምጣት አለበት። ለትንሹ ነገር ደግሞ ሙሉ ሰንጠረዥ አያስፈልግም፤ ገደብ ብቻ ይበቃዋል። ሰማያዊ ክንፍ ያላት ቲል ጥሩ ምሳሌ ናት፦ የሴፕቴምበሩ ልዩ ወቅት በመደበኛው እስከ 9 ቀን ሲሆን የእርባታው ቁጥር 4.7 ሚሊዮን ሲደርስ እስከ 16 ቀን ይሰፋል። ስብሰባ የለም፣ ድርድር የለም።

የዝርዝሩ ጥቅም በደንብ የታየው በኮቪድ ጊዜ ነው። በ2020ም በ2021ም የሜይ ቆጠራው ተሰርዞ ነበር። ለ65 ዓመት ሲካሄድ የኖረ ቆጠራ ሁለት ዓመት ተቋርጦም ወቅቱ ተከፈተ፣ ምክንያቱም የተዘጋጀው ሞዴል ካለፉት ዓመታት ተነስቶ ግምት ሰጠ፣ ሰንጠረዡም ያንኑ ተቀበለ። ሰንጠረዥ የሌለው መሥሪያ ቤት እንዲህ ባለ ዓመት ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፤ መዝጋት ወይም በግምት መክፈት። ሁለቱም ፍርድ ቤት ያደርሳሉ።

የአምና ቁጥር ዋጋ

ይህ መላ በነጻ አይገኝም። በአምናው ቆጠራ መወሰን ማለት ባለፉት ወራት የተከሰተውን ድርቅ ወይም የወፍ በሽታ ሳያዩ መወሰን ነው። የዳክዬ ቁጥር በሚሊዮን ስለሚቆጠር የአንድ ዓመት ስህተት ይቻላል፤ ሞዴሉም ተጨማሪውን ጥርጣሬ ስለሚያስገባ ትንሽ ወደ ጥንቃቄ ያዘነብላል። ቁጥሩ በመቶዎች ለሚቆጠር እንስሳ ግን ይህንኑ አሠራር መገልበጥ አደገኛ ነው።

ስለዚህ ሲያሳጥሩ ሁለት መጠበቂያዎችን አብረው ያስገቡ። አንደኛው የአስቸኳይ መዝጊያ ሥልጣን ነው። በፌደራል ደንቦች ስብስብ ርዕስ 50 ክፍል 20 ውስጥ የአገልግሎቱ ዳይሬክተር ወቅቱ መቀጠሉ ለአንድ የወፍ ክምችት የቅርብ አደጋ ነው ብሎ ካመነ ወዲያው መዝጋት ወይም ማገድ ይችላል። ሁለተኛው ሞዴሉ ራሱ በየጥቂት ዓመቱ እንዲከለስ የሚያስገድድ ቀን ነው። ይህ ካልተጻፈ ሰንጠረዡ በባለሙያዎች ትዕግሥት ብቻ ይኖራል፤ ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ ሰፊው አማራጭ ሲመረጥ መቆየቱን ያየ ሰው «ታዲያ ሰንጠረዡ ለምን አስፈለገ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ ያለው ቁጥሩ በሚወርድበት ዓመት ነው፤ ያን ቀን ሁሉም ወገን አስቀድሞ የተስማማበትን ማፍረስ ይከብደዋል።

የአካባቢ ተፅዕኖ ሰነዱ አንዴ ይጻፍ

በየዓመቱ አዲስ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ከመጻፍ አንድ ሰፊ ሰነድ አዘጋጅቶ ዓመታዊውን ውሳኔ በእርሱ ሥር ማድረግ ይቻላል። አሜሪካ ይህን ያደረገችው በ1975፣ በ1988 እና በ2013 በወጡ ሦስት ሰነዶች ነው። ወደ አንድ ዙር የተደረገው ሽግግር የተጠናውም በ2013ቱ ነው። ዓመታዊው ሥራ «ዘንድሮ የምንወስነው በዚያ ሰነድ ከተጠናው ውስጥ ይወድቃል ወይ?» የሚል አጭር ምርመራ ይሆናል። የሚያጠምደው ነገር ሰነዱ ሲጻፍ የተፈተሹት አማራጮች ጠባብ ከሆኑ ነው። ሰፊው አማራጭ በሰነዱ ካልተፈተሸ በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን ለመጨመር ሙሉ ጥናት መጻፍ ግድ ይላል። ስለዚህ ሊደረግ ከሚችለው ጫፍ ድረስ ይፈትሹ፣ ባያስፈልግም።

የቀን ሰንጠረዡ፦ ስህተት የሚበዛበት ቦታ

ከባዮሎጂው ይልቅ ረቂቅ የሚያስመልሰው የቀን ቆጠራ ነው። ሦስት ነገር ይጠብቁ።

መጀመሪያ፣ የመነሻውም የመጨረሻውም ቀን ይቆጠራል። በኮምፒውተር ሰንጠረዥ ላይ የመጨረሻውን ቀን ከመጀመሪያው ብቻ ሲቀንሱ አንድ ቀን ይጎድላል፤ አንድ መደመር አለበት። ወቅቱ በሁለት የተቆረጠ ከሆነ ስህተቱ ሁለት ቀን ይሆናል፣ 60 ብለው የላኩት በእርግጥ 62 ሆኖ ይገኝና ማዕቀፉን ያልፋል።

ሁለተኛ፣ አዳኝ ቅዳሜ መክፈትና እሑድ መዝጋት ይወዳል። 60 ቀን ያለማቋረጥ ከቅዳሜ ቢጀምር ማክሰኞ ያልቃል። በሁለት ከተቆረጠ ግን ልክ ይገጥማል፣ ምክንያቱም ከቅዳሜ እስከ እሑድ የሚሄድ እያንዳንዱ ክፍል ሙሉ ሳምንታትና ሁለት ቀን ነው፤ ከ60 ላይ አራት ቀን ሲነሣ 56 ይቀራል፣ እርሱም ስምንት ሳምንት። ለምሳሌ ከኦክቶበር 10 እስከ 18 ቀን 2026 ዘጠኝ ቀን፣ ከዲሴምበር 12 ቀን 2026 እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2027 ደግሞ 51 ቀን ነው፤ ሁለቱም ቅዳሜ ጀምረው እሑድ ያልቃሉ። 74ም በሁለት ክፍል ይገጥማል። 107 ግን ሳይቆረጥ ይገጥማል፤ 15 ሳምንትና ሁለት ቀን ስለሆነ።

ሦስተኛ፣ 107ቱ ቀን ለአንድ ዝርያ የሚሆን የሁሉ ድምር ነው። መደበኛው ወቅት፣ የወጣቶች ሁለት ቀን፣ የቀድሞ ወታደሮችና በሥራ ላይ ያሉ ወታደሮች ሁለት ቀን፣ በጭልፊት የሚታደንበት ተጨማሪ ጊዜ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይደመራሉ። ፓሲፊክ ላይ ያለ ስቴት የወጣቶቹንና የወታደሮቹን ቀን ለየብቻ ከያዘ ለመደበኛው የሚተርፈው 103 ነው፤ እርሱም ቅዳሜ ቢከፈት ረቡዕ ያልቃል። ይህን ያልደመረ ሰነድ ይመለሳል።

ቀን በደንብ ውስጥ ሲጻፍ በቁጥር ሳይሆን በቀመር ይጻፍ። የዳክዬው ማዕቀፍ የሚጀምረው «ለሴፕቴምበር 24 በጣም በሚቀርበው ቅዳሜ» ነው፣ የሚያበቃው ጃንዋሪ 31 ነው። ሴፕቴምበር 24 በ2026 ሐሙስ ስለሚውል ቅዳሜው 26 ይሆናል። ቀመሩ ከሴፕቴምበር 21 እስከ 27 ባለው ውስጥ ይወድቃል፣ በየዓመቱ ማሻሻያም አይፈልግም። የብዛት ጣሪያውም እንዲሁ፤ አዳኝ በእጁ ይዞ ሊገኝ የሚችለው ብዛት «በቀን ከሚፈቀደው ሦስት እጥፍ» ተብሎ ሲጻፍ የቀኑ ቁጥር በተለወጠ ጊዜ ሌላውን ማረም አያስፈልግም።

አስተያየት የሚጽፉ ከሆነ

የፌደራል ረቂቅ ላይ አስተያየት የሚገባው በመንግሥት የደንብ ድረ ገጽ በኩል በመዝገብ ቁጥር ነው። የመዝገቡን ቁጥር፣ የፍልሰት መስመሩን፣ ዝርያውንና የሚቃወሙትን ወይም የሚደግፉትን የማዕቀፍ ነጥብ በመጀመሪያው መስመር ያስቀምጡ። «ወቅቱ ሁለት ሳምንት ይዘግይ» የሚለው ጥያቄ በማዕቀፉ ውስጥ ያለ ከሆነ ለስቴቱ ኮሚሽን እንጂ ለፌደራል አይላክም፤ እዚያ ቢላክ ተመዝግቦ ይቀራል። ተመሳሳይ ደብዳቤ በመቶ ስም መላክም ብዙ አይጠቅምም፤ መሥሪያ ቤቱ መልስ የሚሰጠው ለክርክሩ ነው። ይልቅ የአካባቢዎን ምልከታ፣ ለምሳሌ ወፉ የሚደርስበት ሳምንት መቀየሩን፣ ከዓመታት መዝገብ ጋር ያያይዙ።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ የስፖርታዊ አደን አስተዳደር መሠረት የተጣለው በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 541 እና እርሱን ተከትሎ በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163 ነው፤ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። እዚህ የሚጸድቀው እንደ ዳክዬው ሰፊ ወቅት ሳይሆን በአደን ቦታና በዝርያ የተከፋፈለ ኮታ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉ ደጋማ ቦታዎች፣ በባሌና በአርሲ ወገን የሚኖር፣ በዓለም ላይ ሌላ አገር የሌለው እንስሳ ነው። የአንድ አደን ቦታ ኮታ በጣት የሚቆጠር ከሆነ አንድ ተባዕት ብዙ ነው፤ የአምናውን ቁጥር በአራት አማራጭ ሰንጠረዥ ማስገባት አይሠራም።

የሚወሰዱት ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ኮታው የሚሰላበት ቀመር (የትኛው ቆጠራ፣ በምን ዘዴ፣ ከበሰለ ተባዕት ምን ያህል መቶኛ) ለአምስት ዓመት ይጽደቅ፤ በየዓመቱ የሚጸድቀው ቁጥሩ ብቻ ይሁን። ያኔ ቆጠራው ወርዶ ኮታው ሲቀንስ የማንም ውሳኔ ሳይሆን የቀመሩ ውጤት ይሆናል፣ የሚወቀስም ባለሙያ የለም። ሁለተኛ፣ ቆጠራ ያልተካሄደበት ቦታ ኮታ «ያለፈው ይቀጥላል» ሳይሆን «ዜሮ ነው» ተብሎ ይጻፍ፤ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ቆጠራ እንዲካሄድ ከየትኛውም ማሳሰቢያ ደብዳቤ በላይ ይገፋል። የውጭ አዳኝ ጉዞውን ቀደም ብሎ ስለሚይዝ ኮታው ከወቅቱ ብዙ ወራት በፊት መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ የማጽደቂያውን ሰሌዳ ሐምሌ 1 ከሚጀምረው የበጀት ዓመት ጋር አያስሩት፣ ከመክፈቻው ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

ሦስተኛው የቀን ጉዳይ ነው። ፈቃዱ በአማርኛ በእኛ አቆጣጠር፣ ለውጭ አዳኙ ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ሲጻፍ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉ ቀኖች በአራት ዓመት አንዴ በአንድ ቀን ይንሸራተታሉ። ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ የሚቀጥለው እንዲህ ያለ ዓመት 2020 ዓ.ም. ነው፣ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ይውላል። ያለፈውን ዓመት ፈቃድ ገልብጦ ቁጥሩን ብቻ የሚቀይር ጸሐፊ በዚያ ዓመት ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ቀን ያለያያቸዋል፣ አዳኙም አንዱ ፈቃድ ላይ ሕጋዊ፣ ሌላው ላይ ሕገወጥ ይሆናል። ደንቡ ውስጥ የትኛው አቆጣጠር ገዥ እንደሆነ ይጻፍ፣ ሌላውም በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሰላ።